ቁልቁል በሚወርድ ወንዝ ላይ ካያክ መቅዘፍ፦ ከአዲስ አበባ ልጆች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ስለ ካያክ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቪዲዮ ነው። ጠባብ ሸለቆ፣ ጥቁር አለት፣ ነጭ አረፋ፣ በመሃሉ አንድ ሰው በትንሽ የፕላስቲክ ጀልባ ቁልቁል ሲምዘገዘግ አይቷል። በነጋታው በቀበና ድልድይ ሲያልፍ ወደ ታች ያይና «ይሄስ?» ይላል። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በሁለት መስመር ያልቃል፤ አንዳንዱ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ከራፍቲንግ በምን ይለያል?

ራፍቲንግ ላይ ስድስት ሰባት ሆናችሁ በአየር በተነፋ ትልቅ ጀልባ ትወርዳላችሁ። ኋላ ተቀምጦ የሚመራ ሰው አለ። «ቅዘፉ» ሲል መቅዘፍ፣ «አቁሙ» ሲል ማቆም ነው። ካያክ ላይ መሪውም ቀዛፊውም እናንተው ናችሁ። ከወገብ በታች ጀልባው ውስጥ ትገባላችሁ። አፉ ውሃ እንዳያስገባ ስከርት በሚባል የላስቲክ ሽፋን ይዘጋል። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ይቀዝፋል።

ካያክን መጀመሪያ የሠሩት የአርክቲክ ሕዝቦች ናቸው፤ ባሕር ላይ ለማደን፣ ከእንስሳ ቆዳ። ያኛው ረጅምና ቀጭን ነበር። ለተራራ ወንዝ የሚሠራው የዛሬው ጀልባ አጭር ነው፤ 2.5 ሜትር ገደማ። ክብደቱ ከ20 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ሆዱ ሰፊ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፤ ከፏፏቴ ስር ሲገባ ቶሎ ተንሳፎ እንዲወጣ። ፕላስቲኩም ወፍራም ነው። ከአለት ጋር መጋጨቱ የማይቀር ነዋ።

«ክላስ 4»፣ «ክላስ 5» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ወንዝ በአስቸጋሪነቱ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃው ነው ክላስ የሚባለው። ክላስ 1 ዝም ብሎ የሚፈስ ውሃ ነው። ክላስ 3 ላይ ማዕበሉ ፊት ይመታል፣ መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል፣ ብትወድቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋኝታችሁ ትወጣላችሁ። ክላስ 4 ኃይለኛ ነው፤ ጀልባውን ያሰባችሁበት ቦታ ማድረስ ካልቻላችሁ ዋጋ ያስከፍላል። ክላስ 5 ላይ ከጀልባው መውጣት ራሱ ትልቅ አደጋ ነው። ጓደኞቻችሁም ሊደርሱላችሁ ይቸገራሉ። ክላስ 6ን እምብዛም የሚሞክረው የለም።

ቁጥሩ ግን አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር አይደለም። ውሃው ሲጨምር ይቀየራል። ጥቅምት ላይ ክላስ 3 የነበረው ነሐሴ ላይ 5 ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ ደግሞ በልባችሁ አንድ ጨምሩበት።

ቁልቁለቱም ይለካል። በአንድ ኪሎ ሜትር 20 ሜትር የሚወርድ ወንዝ ለቀዛፊ ቀላል የማይባል ቁልቁለት ነው። 50 ሜትር ከደረሰ ፏፏቴው በፏፏቴ ላይ ይደራረባል፤ አንዱን ጨርሶ እፎይ ለማለት ጊዜ የለም።

ቀበና ወይም ግንፍሌ ላይ መቅዘፍ እችላለሁ?

አይሆንም። «በራሴ ኃላፊነት» ብትሉም አይሆንም።

ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ መስቀል አደባባይ ቀጥታ ብትለኩት 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከፍታው ግን ከ700 ሜትር በላይ ይወርዳል። መስፈርቱ ቁልቁለት ብቻ ቢሆን ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ባንቲ ይቅጡም ፈተናውን ያልፉ ነበር።

ችግሩ ውሃው ውስጥ ያለው ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ አለ፣ የፋብሪካ ዝቃጭ አለ። ካያክ ላይ ውሎ ውሃ ሳይውጡ መመለስ ደግሞ የለም። በአፍንጫ ይገባል፣ በጆሮ ይገባል፣ በዓይን ይገባል። ታይፎይድ ወይም የጉበት ቫይረስ ለመያዝ አንድ ጉንጭ ይበቃል።

ብረቱ ሌላ ጣጣ ነው። የተራራ ወንዝ ድንጋዩን ለሺህ ዓመታት ሲያለሰልሰው ኖሯል። የከተማ ወንዝ ውስጥ ግን ከፈረሰ ግንብ የወጣ ፌሮ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ የሽቦ ጥቅል አለ። ውሃው ደፍራሽ ስለሆነ አንዱም አይታይም። ጀልባው ተገልብጦ ጭንቅላታችሁ ወደ ታች ሲሆን እዚያ ፌሮ እንደቆመ አስቡት።

ከሁሉ የሚብሰው ሙላቱ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መንገዱ አስፋልት ነው። ውሃ የሚመጥ መሬት ጥቂት ነው። እንጦጦ ላይ የወረደው ዝናብ በአንዴ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ወንዙም ሳታስቡት ከፍ ይላል። ላይ እየዘነበ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ውሃ ምን እንደሚያደርግ የዘነጋ ሰው የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ያስታውስ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የድሬዳዋው ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ።

የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ዳር ዳሩን አሳምሮታል። ወዳጅነት ፓርክ ሄዶ መናፈስ ደስ ይላል። ውሃው ውስጥ ለመግባት ግን ገና ነው።

ታዲያ መሃል ከተማ ተቀምጬ ምን እማራለሁ?

ውሃ ማንበብ። የዚህ ስፖርት ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ጡንቻ ያለው ሰው ሞልቷል፤ ወንዝ አይቶ ውሃው የት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ትምህርት ደግሞ እርጥብ መሆን አያስፈልግም። ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ጠዋት፣ ቀበና ድልድይ ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ከድልድዩ ላይ ብቻ፤ ወደ ዳሩ አትውረዱ።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ አለት ምረጡ። ከዚያ የሚንሳፈፍ ነገር ጠብቁ። ብዙ አትቆዩም፤ ባዶ ሃይላንድ ይመጣል። ሃይላንዱ በዋናው ፍሰት እየሮጠ ይመጣና አለቱን ሲያልፍ ድንገት ወደ ጎን ይሳባል። አንዴ ይሽከረከራል። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። አለቱ ጀርባ ሄዶ ይቆማል፤ ቀስ እያለ ይዞራል እንጂ አይሄድም። ያቺ ቦታ ኤዲ ትባላለች። ለቀዛፊ ማረፊያው ናት። ቁልቁለት ወንዝ ላይ ጉዞ ማለት ከኤዲ ወደ ኤዲ መዝለል ነው። እያረፉ፣ ቀጣዩን እያዩ። ሃይላንዱ የተሽከረከረበት መስመር ደግሞ ጀማሪ የሚገለበጥበት ነው፤ ሁለት ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚተላለፍበት ድንበር ስለሆነ።

አሁን ወደ ታች እዩ። አንዳንድ ድልድይ ስር ወንዙ መሠረቱን እንዳይሸረሽረው ከዳር እስከ ዳር የተሠራ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ውሃው ከደረጃው ላይ ይወርድና ስሩ ያረፋል። ቁመቱ ከጉልበት ላይበልጥ ይችላል። እዚያ ቢጫ ጀሪካን ከገባ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ይሰጥማል። ትንሽ ወረድ ብሎ ብቅ ይላል። «ሄደ» ስትሉ ወደ ላይ ተመልሶ ግድግዳው ስር ይገባል። እንደገና ይሰጥማል። ዝናቡ እስኪቀንስ እዚያው ሊውል ይችላል። ቀዛፊዎች ሆል የሚሉት ይሄንን ነው። ከላይ የሚወርደው ውሃ ወደ ጥልቁ ሲገባ፣ የላዩ ውሃ ቦታውን ለመሙላት ወደ ኋላ ይፈስሳል። የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ እዚያ ይያዛል። ላይፍ ጃኬት ያደረገ ሰውም የሚንሳፈፍ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ሰው የሠራው ቀጥ ያለ ደረጃ ከተፈጥሮ ፏፏቴ ይልቅ የሚያስፈራኝ። የተፈጥሮው ሆል ብዙውን ጊዜ ዳሩ ላይ ክፍተት አለው፣ በጎን መውጫ ይገኛል። የሲሚንቶው ግን ከግንብ እስከ ግንብ እኩል ነው።

ሌላም አለ። ውሃው ላይ የቪ ቅርጽ ታያላችሁ። ሹሉ ወደ ታች ካመለከተ በሁለት አለት መሃል ያለ ጥልቅ መንገድ ነው፤ ግቡበት ማለት ነው። ሹሉ ወደ ላይ ከሆነ ጫፉ ላይ ድንጋይ ተደብቋል። ወንዙ ፊት ለፊት ድንገት ከተቆረጠና ከዚያ ወዲያ የዛፍ ጫፍ ብቻ ከታየ ደግሞ ገደል አለ፤ ቀድሞ ዳር መያዝ ነው።

አንዱን የማይናገሩትን ልጨምር። ውሃ አለት ሲመታ ፊቱ ላይ ተቆልሎ ይመለሳል። ያ ቁልል ጥሩ ነው፣ ጀልባችሁን ከአለቱ ያርቃል። ብዙ ውሃ ወደ አለት እየሄደ ምንም ቁልል ከሌለ ጠይቁ፦ ውሃው የት ገባ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ከአለቱ ስር» ነው። ጸጥ ያለው አለት ከሚጮኸው ይብሳል።

ዋና አልችልም። ችግር አለው?

አለው። መጀመሪያ ዋና ተማሩ። በላይፍ ጃኬት ተማምኖ መግባት አይበቃም፣ ምክንያቱም አረፋ ግማሹ አየር ስለሆነ የማንሳፈፍ አቅሙ ያነሰ ነው። መሃል ከተማ የሆቴል ገንዳዎች አሉ። ሂልተን ያለው በፍልውሃ ስለሚሞቅ ሐምሌ ላይም አያንቀጠቅጥም።

ብገለበጥስ? እግሬ ውስጥ ተይዞ እቀራለሁ ወይ?

ሁሉም ሰው የሚፈራው ይሄንን ነው። እውነቱ ግን ከጀልባ መውጣት ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሚማሩት ነው። ስከርቱ ፊት ለፊት መጎተቻ አለው። ወደ ፊት ታጠፉ፣ መጎተቻውን ሳቡ፣ ጀልባውን እንደ ሱሪ አውልቁት። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ስከርቱን ስትዘጉ መጎተቻው ውጭ መቅረቱን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ውስጥ ከታጠፈ ተገልብጦ መፈለግ ነው፤ ያ ደስ አይልም።

ሁለተኛው ትምህርት ሮል ነው፤ ሳይወጡ በመቅዘፊያና በዳሌ ተመልሶ መነሳት። ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ጭንቅላቱን ለማውጣት ሲጣደፍ ነው። ትንፋሽ ስለሚፈልግ አይፈረድበትም። ግን ጭንቅላት ከባድ ነው፣ ቀድሞ ከወጣ ጀልባውን መልሶ ይጥለዋል። ዳሌ ጀልባውን ያዞራል፣ ጭንቅላት መጨረሻ ላይ ይከተላል። ገንዳ ውስጥ በሁለቱም በኩል አሥር ጊዜ ሳትስቱ እስክትነሱ ድረስ ወንዝ አታስቡ። ወንዙ በየትኛው በኩል እንደሚገለብጣችሁ አያማክራችሁም።

ሰው የሚሞተው ከፏፏቴ ሲወድቅ ነው?

አብዛኛው ሰው እንደዚያ ያስባል። ፏፏቴ ያስፈራል፣ ግን ይታያል። የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የማይታየው ነው።

ወንፊት የሆነ የድንጋይ ክምር አለ፤ ቀዛፊዎች ሲቭ ይሉታል። ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም። በላዩ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ወንዙ ደከም ያለ ነው የሚመስለው። የወደቀ ዛፍም እንደዚያው ነው። ቅርንጫፉ ውሃ ያሳልፋል፣ እናንተን ይይዛል። ቀድሞ በነፃ ያለፋችሁበት ወንዝ ከአንድ ሙላት በኋላ ዛፍ ተጋድሞበት ልታገኙት ትችላላችሁ። ስር ስሩ የተቦረቦረ አለትም አለ። የኛ ደጋ ባዛልት ነው፤ ከጠንካራው ንብርብር ስር ለስላሳው ሲበላ ዋሻ ይሆናል። ከዚህ በላይ ቁልል የሌለው አለት ያልኳችሁ እሱ ነው።

ጀልባ በሁለት አለት መሃል አፍንጫውን ሊቀረቅርም ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የውሃው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው። በክንድ ጉልበት የሚገፋ ነገር አይደለም፤ ለዚህ ነው ገመድ፣ ካራቢነር የሚባለው የብረት ማያያዣ ቀለበትና ፑሊ የሚያዘው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጉልበት በማትሞላ ውሃ የሚደርሰው ነው። ከጀልባ የወጣ ሰው እግሩ መሬት ሲነካ «ተረፍኩ» ብሎ ይቆማል። እግሩ ድንጋይ ስር ይገባል። ውሃው ከኋላ ይገፋዋል፣ በፊቱ ይደፋዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ይሄ ነው፦ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ አትቁሙ። በጀርባችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ውሃው ወደሚሄድበት አስቀድሙ፣ የእግር ጣቶቻችሁ ከውሃው ላይ ይታዩ። ወደ ተጋደመ ዛፍ እየሄዳችሁ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው። በሆድ ተገልበጡ፣ ወደ ዛፉ ዋኙ፣ ላዩ ላይ ተንጠላጠሉ። እግር ቀድሞ ከገባ ስሩ ይጎትታችኋል።

ከፏፏቴ የሚዘሉት እንዴት ነው የማይሰበሩት?

ትንንሹን በቡፍ ነው። ጠርዙ ላይ አንድ ጠንካራ ቀዘፋ፣ ጉልበት ወደ ላይ፣ ጀልባው አፍንጫውን አንስቶ ይበርና ከሆሉ ባሻገር በሆዱ ያርፋል። ይሄ ለሁለት ሦስት ሜትር ነው። ከከፍታ ላይ፣ አረፋ በሌለው ውሃ ላይ በሆድ ማረፍ የጀርባ አጥንት ይሰብራል። ለረጅሙ ፏፏቴ አፍንጫን ወደ ታች አድርጎ፣ ተኮራምቶ፣ እንደ ቀስት መግባት ነው።

ሪከርዱ? አሜሪካዊው ታይለር ብራድት በ2009 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከፓሉስ ፏፏቴ ወረደ፤ 57 ሜትር አካባቢ። ጢስ አባይ 45 ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱን ከዚያ አስቡት። በበኩሌ እንዲህ ያለው ነገር ብዙም አይስበኝም። አንድ ሰው ኤዲ ለኤዲ እየዘለለ፣ ላቡ ሳይታይ፣ ጠባብ ሸለቆ ሲወርድ ማየት ይበልጥብኛል።

ከጀልባ ወርዶ በእግር ማለፍ አያሳፍርም?

አያሳፍርም። ጥሩ ቀዛፊ የሚለየው በሱ ነው። ማየት ያልቻላችሁትን መታጠፊያ ወርዳችሁ እዩ። መንገዳችሁን ምረጡ፣ «ካመለጠኝ የት እደርሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ካልጣማችሁ ጀልባውን ትከሻ ላይ አድርጉ። ከባዱ ነገር ጓደኞች እያዩ «ዛሬ አይሆንልኝም» ማለት ነው። «ሁሉም አልፏል፣ አንተስ?» የሚል ቡድን ካጋጠማችሁ ቡድን ቀይሩ።

ብቻዬን ብሄድስ?

አትሂዱ። ሦስት ሰው ትንሹ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢያዝ አንዱ ይረዳል፣ አንዱ ገመድ ይይዛል። ውሃ ስለሚጮህ ንግግር አይሰማም፣ ስለዚህ በምልክት ነው። መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ከቆመ ና፣ አግድም ከተያዘ ቁም። ሦስት ፉጨት አደጋ ነው። በእጅ ስትጠቁሙ ሁልጊዜ ደህናውን መንገድ ጠቁሙ፤ አደጋውን ከጠቆማችሁ የሚመጣው ሰው ወደዚያው ይሄዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ቀዝፎ ያውቃል?

የውጭ ሰዎች ብዙ መጥተዋል። በ1968 እ.ኤ.አ. በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ወታደሮች ጉዞ በአባይ ወረደ። ከአባላቱ አንዱ የሞተው ከፏፏቴ ላይ አይደለም፤ ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ማይክ ጆንስ የካያክ ቡድን ይዞ አባይን ሞከረ። ጆንስ ከስድስት ዓመት በኋላ ፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ ወንዝ ላይ ሰጠመ። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ኦሞን በራፍት ወረዱ። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከአባይ ምንጭ ተነስተው ሜዲትራኒያን ድረስ ደረሱ።

እነዚህ ሁሉ ግን ትልልቅ ወንዞች ናቸው። አዞና ጉማሬ አለባቸው፣ ለጀማሪ አይደሉም። ከኦሞ ሸለቆ ከፊሉ ዛሬ በግልገል ጊቤ 3 ሐይቅ ስር ነው፣ የአባይም የታችኛው ሸለቆ በሕዳሴው ግድብ ውሃ ተሞልቷል። ጠባቦቹ የደጋ ወንዞች ግን እዚያው ናቸው።

የት ልማር?

ለአዲስ አበባ ቅርብ ከሆኑት የነጭ ውሃ (አረፋ እያወጣ የሚሮጥ ወንዝ) ማዕከሎች አንዱ ዑጋንዳ፣ ጂንጃ ነው። ወደ ኢንቴቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ በመኪና ካምፓላን አልፎ። ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ የሚፈጥረው ማዕበል በዓለም የታወቀ ነው። የቡጃጋሊና የኢሲምባ ግድቦች ብዙ ውበቱን ቢውጡትም ሥልጠናው አለ። ውሃው ሞቃት ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ድንጋይ እምብዛም አይነካችሁም። ለሮልና ለድፍረት ጥሩ ነው። ለቁልቁለት ወንዝ ግን አይበቃም። የጂንጃ ማዕበል ላይ የጀገነ ሰው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ጀማሪ ነው። ቀጥሎ ትንንሽ ድንጋያማ ወንዝ ላይ፣ ክላስ 2 እና 3፣ ደጋግሞ መሥራት ይመጣል።

ስትመለሱ የቢልሃርዝያ ምርመራ አድርጉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መዘንጋቱ ነው ከባዱ።

ለደጋ ወንዝ ወቅቱ መቼ ነው?

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው ይበዛል፣ ይደፈርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ አይቀርም። ታኅሣሥ ሲደርስ ትንንሾቹ ወንዞች ይደርቃሉ። ስለዚህ መስኮቱ ጠባብ ነው። ማልዶ መግባት፣ ዳመና ሳይከብድ መውጣት። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ሳትወያዩ ዳር ውጡ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ፓርክ ውስጥ ከሆነ አዎ። ከዚያ ውጭም ቢሆን ቀበሌውንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው። ሰዎች ያንን ውሃ ይጠጡታል፣ ከብት ያጠጡበታል። ጠበል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይገባበትም። መጠየቁ ለእናንተም ይጠቅማል። «ያ ጥግ ላይ ሁለት ሰው ወስዷል» የሚላችሁ እረኛ ከየትኛውም ካርታ ይሻላል።

እማዬ እሺ አትለኝም። ምን ልበላት?

የፏፏቴ ቪዲዮ አታሳዩአት። ገንዳ ይዛችኋት ሂዱና ሮል ስትሠሩ ትይ። መጠየቋ አይቀርም፦ «ብትወድቅ ማን ያወጣሃል ልጄ?» ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አሰልጣኝም አይጠይቅም። የሚያወጧችሁን ሰዎች በስም መጥራት ካልቻላችሁ እሷ ናት ልክ።

መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ጀልባ አይደለም። አዲስ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር፤ መርካቶ ፈልጋችሁም አታገኙትም። የሥልጠና ቦታው ጀልባ ያከራያል። ራስ ላይ የሚሆነውን ሄልሜትና ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ቀድማችሁ ያዙ። አሮጌ ሄልሜት ከማያውቁት ሰው አትግዙ፤ ስንት ጊዜ እንደተመታ አይታወቅም። የላይፍ ጃኬቱን ትከሻ ሰው ወደ ላይ ይጎትትላችሁ፤ ጆሯችሁ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው።

ከዚያ የመወርወሪያ ገመድ። 20 ሜትር ገደማ፣ የሚንሳፈፍ፣ ቦርሳው ውስጥ ሳይጠቀለል የተሞላ። ይሄ እዚሁ ከተማ የሚለመድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጃንሜዳ ሂዱ። አንዱ ጓደኛ እየሮጠ ይለፍ፣ ሌላው «ገመድ!» ብሎ ይጩህና ደረቱ ላይ ያሳርፍለት። ገመዱን ክንዳችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ ወገባችሁ ላይ አትሰሩ፤ መልቀቅ ሲያስፈልግ መለቀቅ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወረውር ሰው ደግሞ በጉጉት ሙሉውን ቦርሳ ከነገመዱ ይለቀዋል። ጫፉን በሌላው እጅ ያዙ።